በልክ የተሰፋ ልምምድ፦ ባሕር ዳር ሆናችሁ የስኩባ ዳይቪንግ ችሎታችሁን እንዴት ታሳድጋላችሁ

አድቫንስድ ሚለውን፣ የዳይቪንግ ሁለተኛ ደረጃ ካርድ ከተቀበልኩ በኋላ በሦስተኛው ዳይቭ፣ ጅቡቲ ሙሻ ደሴት አካባቢ፣ ከመውጣት በፊት ለደህንነት ሚደረገውን፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ መቆም አቃተኝ። የአየር ሲሊንደሬ ውስጥ 50 ባር ቀርቷል፣ ባር የግፊት መለኪያ ነው፣ ቀስ እያልኩ ወደላይ መንሳፈፍ ጀመርኩ፣ እግሬን እያራገብኩ ለመውረድ ስታገል ትንፋሼ ፈጠነ፣ ትንፋሼ ሲፈጥን ደግሞ ደረቴ በአየር ተሞልቶ ጭራሽ ወደላይ ወሰደኝ። ምንም አልሆንኩም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ካርዱ እስከ 30 ሜትር መውረድ ትችላለህ ይላል፣ እኔ ግን 5 ሜትር ላይ ቆሜ መጠበቅ አልቻልኩም።

ያስተማሩኝ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ስድስት ተማሪ በአንድ አሰልጣኝ፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ዳይቭ፣ በቃ። አንዱ ጆሮው እምቢ ሲለው ሌሎቻችን እንጠብቃለን፣ ሌላው አየር ቶሎ ሲጨርስ ሁላችንም እንወጣለን፣ የኔ ችግር ደግሞ ጎልቶ ስለማይታይ ማንም ልብ አላለውም። ከዛ ወደ ባሕር ዳር ተመልሼ ከሌላ አሰልጣኝ ጋር በስልክ እየተነጋገርን ለኔ ብቻ ልክ የሆነ ልምምድ ስንጀምር ነው ነገሩ የተለወጠው፣ ሚገርመው አብዛኛው ስራ የተሰራው ባሕር ሳልገባ እዚሁ ሐይቁ ዳር ነው። እሱን ነው ምጽፍላችሁ። ኦፕን ዋተር ሚባለው የመጀመሪያው ደረጃ ወይ አድቫንስድ ላላቸው ሰዎች ነው፣ ገና ያልጀመራችሁ መጀመሪያ ኮርሱን ውሰዱ፣ ይሄ ጽሑፍ ኮርስ አይተካም።

መጀመሪያ ተለኩ

ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ ሜትሩን አውጥቶ ይለካችኋል እንጂ ዝም ብሎ ጨርቅ አይቆርጥም። ዳይቪንግ ላይ ግን ብዙዎቻችን ሳንለካ ቀጣዩን ኮርስ እንገዛለን፣ ዲፕ (ጥልቅ)፣ ናይት (የማታ)፣ ሬክ (የሰጠመ መርከብ)፣ ካርድ ይደራረባል፣ መሰረቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን እንደተከፈተ ነው።

እኔ ራሴን የለካሁባቸው ጥያቄዎች እነዚ ናቸው፣ በሐቀኝነት መልሷቸው። ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል፣ 50 ባር ላይ፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ምንም ሳትይዙ ከግማሽ ሜትር በላይ ሳትወጡ ሳትወርዱ መቆም ትችላላችሁ? ማስካችሁን አውልቃችሁ መልሳችሁ ስታደርጉ ጥልቀታችሁ ምን ያህል ይዋዥቃል? በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደምትጠቀሙ ቁጥሩን ታውቁታላችሁ? አስጎብኚው ባይኖር በኮምፓስ ብቻ ወደ ጀልባው ትመለሳላችሁ? ዲኤስኤምቢ ማለት ከታች ወደላይ ምንልካት ብርቱካናማዋ ፊኛ፣ እሷን እያዘጋጃችሁ ባላችሁበት ትቆያላችሁ ወይስ ሳታውቁት ወደላይ ትሄዳላችሁ? ጓደኛችሁ አየር አለቀብኝ ብሎ ምልክት ቢያሳያችሁ እጃችሁ ሳያስብ ወዴት ይሄዳል?

የኔ መልስ አምስቱ ላይ መጥፎ ነበር። ግን አምስቱንም ባንዴ አልያዝኩም፣ አሰልጣኙ ሁለት ብቻ ምረጥ አለኝ፣ ቦያንሲና የአየር ስሌት መረጥኩ። ቦያንሲ ማለት ሳይሰጥሙም ሳይንሳፈፉም ባሉበት መቆም ነው፣ እሱ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ አሸዋ ላይ የተሰራ ቤት ነው፣ ማስክ ስታወልቁም ፊኛ ስትልኩም ጓደኛ ስትረዱም ሚያስቸግራችሁ እሱ ነውና። የናንተ ሁለት ሌላ ሊሆን ይችላል። ጆሮው ሚያስቸግረው ሰው ከጆሮው ይጀምር፣ ኮምፓስ ሲያይ ሚደናገር ከኮምፓስ ይጀምር።

ሚቻል ከሆነ ደግሞ ቪዲዮ ይኑራችሁ። የመጨረሻ ዳይቫችሁ ላይ ጓደኛችሁ ከጎን ሁለት ደቂቃ ከቀረጻችሁ ከአንድ ወር ወሬ ይሻላል። እኔ ራሴን ሳየው ጠፍጣፋ የተኛሁ ይመስለኝ የነበረው ሰውነቴ 45 ዲግሪ ቆሞ ነው ሚሄደው፣ ደረቴ ወደላይ እግሬ ወደታች፣ እንደዛ ሆኜ ፊን፣ እግር ላይ ሚጠለቀውን መቅዘፊያ፣ በመታሁ ቁጥር ራሴን ወደላይ እየገፋሁ ነበር። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር።

አሰልጣኝ በስልክ ሲሆን

እዚ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ በየሳምንቱ አሰልጣኝ ጋ ልሄድ አልችልም፣ ስለዚ የተስማማነው እንዲ ነው፦ እሁድ ማታ ሰላሳ ደቂቃ በቪዲዮ እናወራለን፣ ኔትወርክ እምቢ ካለ በቴሌግራም የድምጽ መልእክት፣ በሳምንቱ ውስጥ አጫጭር ቪዲዮ እልካለሁ፣ እሱ አይቶ አንድ ነገር ብቻ ያርማል። አንድ ነገር ብቻ። አሰልጣኝ ባንዴ ሰባት ስህተት ከነገራችሁ ሰባቱንም አታርሙም።

ስትስማሙ በግልጽ መነጋገር ያለባችሁ ነገር አለ። የስራ ሰዓታችሁን፣ የገንዘብ አቅማችሁን፣ ባሕር ምትገቡበትን ወር፣ ሚያስፈራችሁን ነገር ንገሩት፣ ፍርሃትን መደበቅ ትልቁ ስህተት ነው። የአሰልጣኝነት ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ጠይቁ፣ ማፈር አያስፈልግም። ቲዮሪው ዛሬ በአብዛኞቹ ትልልቅ ድርጅቶች ኦንላይን ስለሚሰጥ ማታ ማታ በራሳችሁ ፍጥነት መጨረስ ይቻላል። ግን አንድ መስመር አለ፣ በስልክ ሚያሰለጥን ሰው ውኃ ውስጥ ሊያድናችሁ አይችልም። ስለዚ በሲሊንደር ሚሰራ አዲስ ነገር ሁሉ አሰልጣኙ አጠገባችሁ ሲኖር ብቻ ነው ሚሞከረው። በስልክ ምትሰሩት የደረቁን፣ የፑሉንና የወረቀቱን ስራ ነው።

ፕሮግራሜ ሰኞና ረቡዕ ከስራ መልስ 20 ደቂቃ ደረቅ ልምምድ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፑል ነው። በጾም ወራት ቅዳሴ ስላለ ይቀያየራል፣ ክረምት ላይ ፑሉ ስለሚበርድ ደረቁ ይበዛል፣ ስራ ሲበዛብኝ 10 ደቂቃ ብቻ እሰራለሁ ግን አልተውም። ያመለጠኝን ሳምንት ለማካካስ እጥፍ መስራት ሞክሬ አልጠቀመኝም፣ ድካም ብቻ ነው ያተረፍኩት።

ቤትና ሜዳ ላይ

አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዳችሁ ተኙ፣ ከጉልበት በታች ያለው እግራችሁ ከወንበሩ ይውጣ። ጉልበት 90 ዲግሪ ታጥፎ የእግር መዳፍ ወደ ጣሪያ፣ አንገት ቀና፣ እጅ ወደፊት ተዘርግቶ። ይሄ ነው ትሪም ሚባለው። ከዛ ፍሮግ ኪክ ሚሉትን፣ እንደ እንቁራሪት፣ ቁርጭምጭሚትን ወደ ውጪ አዙሮ፣ እግርን ከፍቶ፣ በመዳፍ ውኃውን ወደኋላ መግፋትና እግርን ገጥሞ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም ብሎ መንሸራተት። ብዙ ሰው መንሸራተቷን ይረሳታል፣ ዕረፍት ያለው እሷ ላይ ነው፣ አየር ምትቆጥቡትም እዛ ጋ ነው። ባክ ኪክ ወደኋላ መሄጃው ነው፣ እሱ የተገላቢጦሽ ነው፣ እግር ተዘርግቶ ተገጥሞ ይጀምርና ጣቶቹን ወደ ውጪ አጥፎ በፊኑ ጠርዝ ውኃውን ወደ ራስ መሳብ። እኔ ይሄን ለመልመድ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፣ ቶሎ ካልመጣላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የጎረቤት ልጅ ስልካችሁን ይዞ ከጎን ይቅረጻችሁ።

ለኮምፓስ ደግሞ ጋቢ ያስፈልጋችኋል። ጠዋት ሰፊ ሜዳ ላይ ሂዱ፣ ጋቢውን ተከናንባችሁ ኮምፓሱንና እግራችሁን ብቻ እዩ፣ ጓደኛ አጠገባችሁ ይሁን ጉድጓድ እንዳትገቡ። 40 እርምጃ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ 40፣ እንደገና ቀኝ፣ እንደገና፣ አራት ማዕዘን ሰርታችሁ ጋቢውን አንሱ። ከተነሳችሁበት ስንት ሜትር ራቃችሁ? እኔ መጀመሪያ ቀን አስራ ምናምን ሜትር ነበርኩ፣ ምክንያቱ ኮምፓሱን ወደ ግራ አዘንብዬ እይዘው ስለነበር ነው፣ ከሰውነት መሃል መስመር ጋር ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። ስልክ ከኪስ ይውጣ፣ ብረት አጥር አጠገብ አትቁሙ፣ መርፌዋ ትዋሻለች።

የሞገድና የጅረት ነገር ደግሞ ከታንኳ ቀዛፊዎች ነው የተማርኩት። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ የደንገል ታንኳ ሚቀዝፍ ሰው ወደሚሄድበት ቦታ ቀጥታ አይቀዝፍም፣ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አድልቶ ነው ሚሄደው፣ ነፋሱ እየገፋው ልክ ቦታው ላይ ያደርሰዋል። አንድ አባት ለምን እንደዛ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ባሕሩ ድርሻውን ይወስዳል፣ አስቀድመህ ስጠው» አሉኝ። ውኃ ውስጥ ጅረት ሲኖር ኮምፓስ ላይ ምንሰራው እርማት ይሄው ነው። ወደ ዘጌ ወይ ወደ ክብራን ገብርኤል በጀልባ ስትሄዱ ኮምፓሳችሁን ያዙ፣ ከሞተሩ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ስትነሱ ምትሄዱበትን ቦታ አቅጣጫ ውሰዱ፣ በየአምስት ደቂቃው እዩት፣ ስትመለሱ 180 ጨምራችሁ ወይ ቀንሳችሁ ሞክሩ። ነጻ ትምህርት ነው።

ፊኛዋንም ቤት ውስጥ ነው ምትለማመዷት። ስፑሉን፣ ክሩ ሚጠቀለልበትን፣ መፍታት፣ አውራ ጣትን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ መያዝ፣ ክሩ ሲለቀቅ ሳይጠላለፍ መጠቅለል፣ ይሄን ሶፋ ላይ መቶ ጊዜ አድርጉት፣ ከዛ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ከዛ በጓንት። ስፑሉን ከሰውነታችሁ ጋር አትሰሩት፣ ከተያዘ ፊኛዋ ይዛችሁ ነው ምትወጣው። ጓደኛ ካላችሁ የአየር መጋራቱንም ቆማችሁ ተለማመዱት፣ አንዱ የእጅ ምልክት ያሳያል፣ ሌላው ይሰጣል፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ ሦስት ጊዜ ይተነፍሳሉ፣ ከዛ ነው መውጣት ሚጀመረው። ውኃ ውስጥ ስትደነግጡ እጃችሁ ሚያደርገው ሳሎን ውስጥ የለመደውን ነው።

ፑል

ባሕር ዳር የሆቴል ፑል አይጠፋም፣ ጠዋት በጊዜ ሰው ሳይበዛ ከሄዳችሁ ጥሩ ነው። እኔ ያለ ሲሊንደር ነው ምለማመደው፣ በማስክ፣ በስኖርክል (መተንፈሻ ቱቦ) እና በፊን። ሲሊንደር ለማስሞላት ብላችሁ ደግሞ ጎማ ቤት ወይ ጋራዥ ኮምፕረሰር ጋ እንዳትሄዱ፣ የዘይት ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ሊገባ ይችላል፣ በግፊት ውስጥ ስትተነፍሱት ይገድላል። ለመተንፈሻ ተብሎ ከተሰራ ኮምፕረሰር ውጪ አይሞላም፣ አከተመ።

በሆዳችሁ ተንሳፈፉ፣ ፊታችሁ ውኃ ውስጥ፣ በስኖርክል ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፣ አራት ሰከንድ ወደ ውስጥ ስድስት ወደ ውጪ። ስትስቡ ደረታችሁ ከፍ ሲል ስታወጡ ዝቅ ሲል ይሰማችኋል። ሰውነት ሚመልሰው ትንሽ ዘግይቶ ነው፣ ያቺን መዘግየት መልመድ ነው የቦያንሲ ግማሹ፣ ብዙ ሰው ወዲያው ለውጥ ካላየ ቢሲዲው ላይ፣ አየር ሚሞላው ጃኬት ላይ፣ አየር ይጨምራል፣ ከዛ ይበዛበታል፣ ከዛ ያወጣል፣ ሙሉ ዳይቩን እንደ አሳንሰር ሲወጣ ሲወርድ ይጨርሰዋል። ማስክ ያለማድረግ ልምምድም እዚ ነው፣ ማስኩን አውልቃችሁ ፊታችሁን ነክራችሁ በስኖርክል አምስት ደቂቃ መተንፈስ፣ መጀመሪያ አፍንጫ ውኃ ይስባል፣ ያስጨንቃል፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ምንም አይመስላችሁም።

ጥቁር ፌስታል ቆርጣችሁ የማስኩን መስታወት ከውስጥ ሸፍኑና ጓደኛችሁ ከላይ እየጠበቃችሁ ከፑሉ ዳር ዳር የተዘረጋ ገመድ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ሂዱ፣ ገመዱ ላይ ሦስት ቋጠሮ ይኑር፣ ስንተኛው ቋጠሮ ላይ እንደሆናችሁ እየቆጠራችሁ። ይሄ ለማታ ዳይቭም ለደፈረሰ ውኃም ይጠቅማል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ትንፋሽ ይዞ ፑሉን ማቋረጥ፣ ከዛ በፊት ደግሞ ደጋግሞ በፍጥነት መተንፈስ ጀግንነት አደለም፣ ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስትና ድምጽ ሳያሰማ ይሰጥማል፣ ጎበዝ ዋናተኛ ነው በዚ ሚሞተው። ብቻችሁን በፍጹም አታድርጉት። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን በሲሊንደር ፑል ከገባችሁ ጥልቀቱ ትንሽ ነው ብላችሁ ትንፋሽ ይዛችሁ አትውጡ፣ ሳንባ ሙሉ ሆኖ ከአንድ ሜትር ምናምን ጥልቀት መውጣት ብቻ ሳንባን ሊጎዳ ይችላል። ትልቁ የግፊት ለውጥ ያለው ከላይ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ነው፣ ደጋ ላይ ደግሞ የላዩ ግፊት ስለሚያንስ ለውጡ ይብሳል።

የእርሳስ ነገር

የኔ የ5 ሜትር ጉድ እዚ ነው የተፈታው። እርሳስ ማለት ለመስጠም ምንታጠቀው የብረት ክብደት ነው፣ እኔ የመዘንኩት ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ነበር። አሉሚኒየሙ 11.1 ሊትር ሲሊንደር በ207 ባር ሲሞላ ውስጡ ያለው አየር ራሱ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ስትተነፍሱት ይሄ ክብደት ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ሲሊንደሩ ራሱ ወደላይ ይጎትታችኋል። ስለዚ ትክክለኛው መለኪያ ዳይቩ ሲያልቅ 50 ባር ላይ፣ ቢሲዲው ባዶ ሆኖ፣ በመደበኛ ትንፋሽ 5 ሜትር ላይ መቆም መቻል ነው። መጀመሪያ ላይ ሁለት ኪሎ ምናምን ከባድ ትሆናላችሁ፣ መሆንም አለበት።

ሌላው፣ እዚ የፑል ውኃ ጨው የለውም፣ ቀይ ባሕርና የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጨው አላቸው። ጨው ውኃ 2.5 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ሰውነታችሁና ዕቃችሁ በድምሩ 100 ኪሎ ከሆነ ወደ 2.5 ኪሎ እርሳስ ልዩነት ማለት ነው። ፑል ላይ የለካችሁትን ቁጥር ይዛችሁ ጅቡቲ ከሄዳችሁ አትሰጥሙም። ሁለቱን ቁጥር ለየብቻ ጻፏቸው፣ የለበሳችሁትን ዌትሱት (የዳይቭ ልብስ) እና የሲሊንደሩን ዓይነት ጨምሩበት።

የአየር ሒሳብ

ይሄን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ቡና እየጠጣችሁ ስሩት። እንበል 10 ሜትር ላይ 30 ደቂቃ ቆያችሁ፣ በ12 ሊትር ሲሊንደር 80 ባር ጨረሳችሁ። 80 ሲባዛ በ12 ማለት 960 ሊትር፣ ለ30 ደቂቃ ሲካፈል 32፣ ከውኃው በላይ ግፊቱ 1 ባር ሆኖ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ስለሚጨምር 10 ሜትር ላይ 2 ባር ነው፣ ለ2 ስታካፍሉት 16 ሊትር በደቂቃ። ይሄ የናንተ ቁጥር ነው፣ እንደ ጫማ ቁጥር እወቁት። ተረጋግታችሁ ስትሄዱ፣ ስትደክሙ፣ ስትፈሩ ይለያያል፣ ሦስቱንም መዝግቡ።

ቁጥሩ ምን ያደርጋል? እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው ሚሳሳተው። «50 ባር ይዘህ ውጣ» ሚባለው ነገር ጥልቀቱን አያውቅም። እናስላው። 18 ሜትር ላይ የጓደኛችሁ አየር አለቀ፣ ሁለታችሁም ደንግጣችኋል፣ እያንዳንዳችሁ 30 ሊትር በደቂቃ፣ በድምሩ 60። አንድ ደቂቃ እዛው ለመረጋጋት፣ በ2.8 ባር 168 ሊትር። በደቂቃ 9 ሜትር እየወጣችሁ ሁለት ደቂቃ፣ አማካዩ 1.9 ባር፣ 228 ሊትር። 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ፣ 270 ሊትር። ድምሩ ወደ 670 ሊትር፣ ለ12 ሲካፈል 56 ባር፣ 60 በሉት። አሁን 30 ሜትር ላይ ስሩት፣ መውጫውን አራት ደቂቃ አድርጉት፣ ከ1,100 ሊትር በላይ ይመጣል፣ 95 ባር። ማለትም 30 ሜትር ላይ ሆናችሁ ጌጁ (የአየር መለኪያው) 95 ካለ መነሳት አለባችሁ፣ በ50 ባር ከሆነ ምትነሱት አንዳችሁ አየር አይደርሳችሁም። እኔ ይሄን ሒሳብ መጀመሪያ የሰራሁ ቀን ካለፉት ዳይቮቼ ውስጥ ስንቱ ላይ ይሄ አየር እንዳልነበረኝ ቆጥሬ ደነገጥኩ። በሁለት ቀን ኮርስ ውስጥ አንድ ሰዓት ለዚ ቢሰጥ ምን ነበረበት።

ጣና ውስጥስ?

ሁሉም ሰው ሚጠይቀኝ ይሄን ነው፣ ሐይቁ ደጃችሁ ላይ እያለ ለምን ፑል? መልሴ ለልምምድ ብላችሁ አትግቡ ነው። ሐይቁን ስለምወደው ነው እንደዛ ምለው፣ ከ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ የተመዘገበ ነው፣ ልጅነቴም እሱ ዳር ነው ያለፈው። ግን ጥልቅ ሚባለው ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ክረምት ክረምት አፈር ይዘው ስለሚገቡ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን ላታዩ ትችላላችሁ። የዓሣ መረብ አለ፣ ክሩ ቀጭን ስለሆነ አይታይም፣ ታንክና ፊን ላይ ይጠመጠማል። እምቦጭ ባለበት ከስሩ መውጣት ራሱ ፈተና ነው። ዓባይ ከሐይቁ ሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፣ ጉማሬ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። ዳር ዳሩ ላይ፣ ደንገልና ሳር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ ከቀንድ አውጣ ሚወጣው ትል በቆዳ ነው ሚገባው። ገብታችሁ ከነበረ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፣ ፕራዚኳንቴል ሚባል መድኃኒት አለው፣ ችላ ካሉት ግን ጉበት ይጎዳል።

ለጥናት ወይ ለነፍስ አድን ስራ መግባት ግዴታ ሚሆንበት ሰው ይኖራል። ያ ሰው ደግሞ ብቻውን አይገባም፣ ላይ ገመድ ሚይዝለት ሰው ይኖራል፣ የገመድ ምልክታቸውን ሳይገቡ ይስማማሉ፣ ሁለት መቁረጫ ይይዛል፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ እጁ ሚደርስበት ቦታ።

እና ከፍታው። ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የዳይቭ ሰንጠረዦች፣ ስንት ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል ሚናገሩት፣ የተሰሩት ለባሕር ወለል ነው፣ ከ300 ሜትር በላይ ከሆነ የከፍታ ዳይቭ ይባላል፣ ሒሳቡ ይቀየራል። እዚ የአየሩ ግፊት 0.82 ባር አካባቢ ነው። ከታች ያለው ግፊት ላይ ካለው ጋር ያለው ንጽጽር ስለሚሰፋ ጣና ላይ 10 ሜትር መውረድ ባሕር ላይ 12 ሜትር እንደወረዳችሁ ነው ሚቆጠረው። መውጣትም ቀስ ብሎ ነው። የዳይቭ ኮምፒውተራችሁ (ጥልቀትና ጊዜ ሚቆጥረው) ከፍታን በራሱ ያነብ እንደሆነ ወይ እናንተ ማስተካከል እንዳለባችሁ መመሪያው ላይ እዩ፣ ውኃ ከመግባታችሁ በፊት እዛው ቦታ ላይ አብሩት። ከዳይቭ በኋላ ደግሞ በመኪና ወደ ጎንደር ወይ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ከፍታ መውጣት ነው፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው፣ እንደ በረራ ቁጠሩት፣ ከዳይቭ በኋላ ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን የአየሩ ግፊት ሲቀንስ አረፋ ሆኖ ሊጎዳ ይችላልና።

ባሕሩ ላይ ስትደርሱ

ወር ሙሉ የተለማመዳችሁትን ባንድ ዳይቭ ለማሳየት አትቸኩሉ። እኔ ሦስት ቀን ካለኝ የመጀመሪያው ቀን ከ8 ሜትር አልወርድም፣ እርሳስ ብቻ ነው ምለካው፣ መጨረሻ ላይ 50 ባር ሲቀር 5 ሜትር ላይ። ሁለተኛው ቀን አሰልጣኙ አጠገቤ ሆኖ በአንድ ዳይቭ አንድ ነገር ብቻ፣ ጠዋት ፊኛ፣ ከሰዓት አየር መጋራት። ሦስተኛው ቀን ምንም ልምምድ የለም፣ ዓሣ ማየት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አካባቢ ከሄዳችሁ ጅቡቲ አርታ ጋ ዌል ሻርክ ሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ታያላችሁ፣ ያኔ ልምምዱ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል፣ ያን ሚያህል ፍጥረት አጠገባችሁ ሲያልፍ እጃችሁን ሳታራግቡ፣ ሳትነኩት፣ ዝም ብላችሁ ቆማችሁ ማየት ስትችሉ።

አስጎብኚው ስድስት ሰው ይዞ ከሆነ ሳትፈሩ ከመግባታችሁ በፊት ዛሬ ይሄን ነው ምለማመደው፣ 95 ባር ላይ እነሳለሁ በሉት። ጥሩ ሰው ከሆነ ደስ ይለዋል። ካልተስማማ ያን ቀን አትግቡ፣ ገንዘቡ ይቅር።

መመለሻው ላይ የኛ አገር ሰው በተለየ መጠንቀቅ አለበት። የተለመደው ምክር አንድ ዳይቭ ብቻ ከሆነ 12 ሰዓት፣ ብዙ ዳይቭ ወይ ብዙ ቀን ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትበሩ ጠብቁ ነው፣ የዲኮምፕሬሽን ማቆሚያ (ናይትሮጅኑ እንዲወጣ ስትወጡ መንገድ ላይ በግዴታ መቆም) ያለው ዳይቭ ከሆነ ከዛም ይረዝማል። ሌላ አገር ሰው አውሮፕላኑ ሲያርፍ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። እኛ ግን አዲስ አበባ ስናርፍ 2,300 ሜትር ላይ ነን፣ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ራሱ ቢበዛ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ሚጠጋ ነው፣ ማለትም በሩ ሲከፈትም ገና አልወረድንም፣ ቤታችን ገብተን ተኝተንም እዛው ከፍታ ላይ ነን። በባቡር ነው ምመለሰው ምን ቸገረኝ ያለኝ ልጅ ነበር፣ ባቡሩም ከባሕር ወለል ተነስቶ እዛው አዲስ አበባ ነው ሚያደርሰው። ስለዚ እኔ ለራሴ 24 ሰዓት አድርጌዋለሁ። ያቺን የመጨረሻ ቀን ባዶ አልተዋትም፣ ከአሰልጣኙ ጋር ጥላ ስር ቁጭ ብለን ቪዲዮዎቹን እናያለን፣ የእርሳሱንና የሊትሩን ቁጥር ሎግ ቡኬ (የዳይቭ መዝገቤ) ላይ እጽፋለሁ፣ ለቀጣዩ ስድስት ወር ምይዛቸውን ሁለት ነገሮች እንመርጣለን። ባለፈው የተመረጡት ባክ ኪክና የኮምፓስ አራት ማዕዘን ናቸው፣ ጋቢዬን ይዤ ሰኞ ጠዋት ሜዳው ላይ ነኝ።